በዐቢይ ጾም ለሚሮጥ ተማሪ ኪስ የማይጎዳ አመጋገብ አመላክቱኝ
ስለ ስፖርት አመጋገብ ዕውቀት ያላችሁ ወገኖቼ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ የምማር የ3ኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ በሳምንት 5 ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ እንጦጦ ዳገት ላይ ልምምድ እሠራለሁ። ለምግብ የምመድበው በወር 4,000 ብር ብቻ ነው። ከሩጫ መልስ በውኃ የበጠበጥሁትን በሶ በቁሜ ጠጥቼ ወደ ክፍል እሄዳለሁ፤ ማታ ሽሮ ወይም ምስር ወጥ እሠራለሁ። ጾሙ ከገባ ወዲህ ግን እንቁላሉም ወተቱም ስለቀረ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሎሚ ምስሩ ላይ መጭመቅና ሻይን ከምግብ ሰዓት ማራቅ ሰውነት ብረት እንዲያገኝ ስለሚረዳ ይህንኑ አደርጋለሁ፤ ያስጨነቀኝ የፕሮቲኑ ጉዳይ ነው። ጾሜን መፍታት አልፈልግም። ማቀዝቀዣ ለሌለኝና ለማብሰል ከግማሽ ሰዓት በላይ ለማላገኝ ለእኔ፣ ባቄላን፣ ሽምብራንና ለውዝን በምን መጠን፣ ከልምምድ በፊት ወይስ በኋላ ብመገብ እንደሚሻል ብትነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።