ጥቆማ፦ ቤት ባለው ነገር የሽንኩርት ሾርባ ልሠራ ነው፤ ሽንኩርቱን ከየት ልግዛ? መረቁንስ በምን?

ሳሮን ሲኤምሲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ እንግዶች አሉብኝ፣ የፈረንሳዮቹን የሽንኩርት ሾርባ ልሠራላቸው አስቤያለሁ። ቤት ያለኝ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት፣ የገበታ ቅቤ፣ የክኖር ኩብ፣ የደረቀ ፉርኖ ዳቦና ጦስኝ ነው። ኦቨን የለኝም። ሽንኩርቱ አይበቃኝም፣ መጨመር አለብኝ። የሐበሻው ይሻላል ወይስ ትልቁ? ከየትስ ልግዛ? ኩቡ ይበቃል ወይስ አጥንት ልቀቅል? ቺዝ ላይም የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ።

የሾላ ደንበኛ፦
ሽንኩርት ከሆነ ሾላ ገበያ ሂጂ። እኔ ደንበኛ አለችኝ፤ ከእሷ ሌላ ገዝቼ አላውቅም። በር ላይ እንደገባሽ በስተግራ፣ ጃንጥላ ሥር ናት።

ሳሮን ሲኤምሲ፦
አመሰግናለሁ። የሐበሻውን ነው ትልቁን የምትሸጠው?

የሾላ ደንበኛ፦
ከእሷ የተገዛ ሁሉም ጥሩ ነው።

ቤዛ፦
ሽንኩርት ካነሳችሁ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይበላ። በስልክ አዝዘሽ ቤት ድረስ ከሚያመጡት ከአንዱ አንድ ጆንያ አስመጣሁ። ከላይ ያለው የሚያምር፣ ደረቅ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር። ከሥሩ ያለው ግማሹ አቆጥቁጧል። መሀል ላይ ያለው ደግሞ ጥቁር ሻጋታ ይዞ ውሃ ያዥ ነበር። ሽታው ከኮሪደሩ አልወጣም። ስደውል «ተቀብለሽ ፈርመሻል» አሉኝ። አሁንም ያናድደኛል።

ሀና ለገሀር፦
ስሙን ንገሪን እንጂ! እኛም እንጠንቀቅ።

ቤዛ፦
ስም አልጠራም፣ ገንዘቤን እስኪመልሱ እየጠበቅኩ ነው። ፎቶው ግን አለኝ።

አባ ሽንኩርት፦
ቤዛ እህቴ፣ አይዞሽ። ሁለተኛ ስትገዢ አንገቱን ጫን አድርገሽ እይው። አንገቱ ቀጭንና ደረቅ ከሆነ ይቆያል። ለስለስ ካለ ውስጡ መበስበስ ጀምሯል። ጆንያውን ደግሞ ሳይገለበጥ አትቀበዪ። እኔ አትክልት ተራ ፒያሳ እያለ ጀምሮ የምሸምት ሰው ነኝ። በ2012 በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ ሲሄድም ተከትዬ ሄጃለሁ፣ ኃይሌ ጋርመንት ሲገባም አልቀረሁም። ሩቅ ነው፣ ግን በጅምላ ለሚገዛ ሰው ያዋጣል።

ሀና ለገሀር፦
ለአንድ ድስት ሾርባ ኃይሌ ጋርመንት ድረስ? የታክሲው ሒሳብ ከሽንኩርቱ ይበልጣል።

አባ ሽንኩርት፦
ሽንኩርት ለሾርባ ብቻ አይደለም፣ የወሩን ትገዛለች።

ዳኒ፦
ልጅቷ የጠየቀችው ሾርባ ነው። በዚህ አያያዛችን ቅዳሜ ለእንግዶቿ የአቤቱታ ደብዳቤ በጎድጓዳ ሳህን ታቀርብላቸዋለች።

ቤዛ፦
ዳኒ፣ ገንዘቡ ያንተ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትቀልድም ነበር።

ወጥ ቤት ነኝ፦
ሳሮን፣ ሆቴል ወጥ ቤት ነው የምሠራው፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ትልቁን ሽንኩርት ውሰጂ። የሐበሻው ለዶሮ ወጥ ወደር የለውም፣ ግን ትንንሽ ስለሆነ መላጡ ብቻ ያደክምሻል። ለአራት ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ይዘሽ ጀምሪ። በዛ አትበዪ፤ በስሎ ሲያልቅ ሁለት ኩባያ ገደማ ነው የሚቀረው። እንደ ቁሌት አትክተፊው። ለሁለት ክፈይና ከአናቱ ወደ ሥሩ በቀጭኑ ቁረጪው፤ እንደዚያ ከሆነ ረጅም ሰዓት ቢበስልም ሟምቶ አይጠፋም።

ሰፊ ብረት ድስት ላይ ቅቤና ትንሽ ዘይት አድርጊ፣ ሽንኩርቱን ጨምሪ፣ ጨው ነስንሺበት። ጨው ውሃውን ያወጣዋል። እስኪልም ከድነሽ ተይው፣ ከዚያ ክፈቺና ዝግ ባለ እሳት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አማስዪው። ድስቱ ሥር ቡኒ ሆኖ ሲይዝ አትደንግጪ። ውሃ ጠብ አድርገሽ በእንጨት ማማሰያ ፋቂው፤ የሾርባው ቀለምም ጣዕምም ያለው እዚያ ላይ ነው። ከጠቆረ ግን ይመራል፣ ማዳኛ የለውም። ለማፍጠን ብለሽ እሳቱን አትጨምሪ። ሶዳ የሚጨምሩም አሉ፣ ቶሎ ይጠቁራል ግን ሽንኩርቱ ገንፎ ይሆናል።

ወይን ካለሽ ግማሽ ብርጭቆ ጨምሪ። ጉደር ይሆናል። አክሱሚት ግን አይሁን፣ ጣፋጭ ነው፤ ሽንኩርቱ ራሱ በቂ ጣፋጭ ሆኗል።

ማሜ፦
እኛ ቤት ሽንኩርት ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው። ውሃው ከደረቀ በኋላ ነው ቅባቱ የሚገባው። ለዶሮ ወጥ እንደዚያ ሞክሪው፣ ታመሰግኚኛለሽ።

ሀና ለገሀር፦
ማሜ እውነቷን ነው። ለዶሮው ግን ሽንኩርቱ በእጅ ነው በማሽን የሚከተፈው? ማሽን ውሃ ያበዛበታል ይላሉ።

ማሜ፦
በእጅ ነው እንጂ! ማሽን የነካው ቁሌት ቁሌት አይደለም።

ወጥ ቤት ነኝ፦
መረቁን ረሳሁት። ኩቡ ይሠራል፣ ጨው ብቻ ቀንሺ። ጊዜ ካለሽ ግን የበሬ አጥንት ይበልጣል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። አጥንት በተራ ድስት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ፕሬዠር ካለሽ ችግሩ ይቀላል። ጦስኙን አንድ ቅርንጫፍ መረቁ ውስጥ ጣዪው፣ በጣም ይስማማዋል። ቀይ ሽንኩርት ስለሆነ መረቁ ትንሽ ግራጫ ሊመስል ይችላል። በመጨረሻ ጥቂት ጠብታ አቼቶ ስታደርጊበት ቀለሙም ጣዕሙም ይነቃል።

ብሩክ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ ቢጫውን ሽንኩርት ነው የምንጠቀመው፣ ቀለሙ ወርቃማ ይወጣል። ቺዙ ግሩየር ካልሆነ አልበላም።

ዳኒ፦
ብሩክ፣ ቢጫውን ሽንኩርትና ግሩየሩን በሻንጣ ላክልን፣ ለቅዳሜ ይደርሳል።

ፓሪስ የኖረች፦
ግሩየር የግድ አይደለም። ይህ ሾርባ ፓሪስ ውስጥ የሚታወቀው በሌ አል ገበያ ነው፤ ሌሊት ጭነት የሚያወርዱ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ትኩሱን የሚጠጡት ምግብ ነበር። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1969 ከከተማው ወጣ ወዳለው ሩንጂስ ተዛወረ፣ ሾርባው ግን እዚያው ሠፈር ቀረ። የድካም ምግብ ነው፣ በቅንጦት አታስጨንቁት። እዚሁ አገራችን የሚሠራው ፕሮቮሎን ቺዝ ጥሩ ይቀልጣል። የሐበሻ አይብ ግን አይሆንም፣ ይፈረፈራል እንጂ አይቀልጥም። ኦቨን ከሌለሽ ዳቦውን ምጣድ ላይ እስኪደርቅ ጥበሺው፣ ቺዙን ላዩ አድርገሽ በመጥበሻ ክደኚው። ሲቀልጥ አንሥተሽ ሾርባው ላይ አስቀምጪው።

የሾላ ደንበኛ፦
ፕሮቮሎንም ሾላ አካባቢ አለ።

ቤዛ፦
አሁን ደወሉልኝ። ግማሹን እንመልሳለን አሉ። ልቀበል?

አባ ሽንኩርት፦
አትቀበዪ! ሙሉውን ጠይቂ።

ሀና ለገሀር፦
ተቀበዪና ተገላገዪ።

ሳሮን ሲኤምሲ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሾርባው የሚቀርብበት የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን የት ይገኛል?

ማሜ፦
ቀጨኔ ሂጂ፣ ከሚሠሩት እናቶች እጅ ግዢ። ግን አዲስ ሸክላ ሳታሟሺ ትኩስ ነገር እንዳታደርጊበት፣ ይሰነጠቅብሻል።

ዳኒ፦
ማሜ፣ ማሟሸቱ በምንድን ነው? እኔም አንድ ጀበና አለኝ፣ ገዝቼ ያስቀመጥኩት።