ቴሪያኪ ሶስ ቤት ስሠራ ወይ ያርርብኛል ወይ ጨው ይሆናል፣ ምኑ ጋ ነው የምሳሳተው?

የሦስት ልጆች እናት፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። የምኖረው ሲያትል ነው፣ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ በየመንገዱ ቴሪያኪ የሚባለው የጃፓን የዶሮ ጥብስ ቤት ነው፣ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲወጡ መጀመሪያ የሚሉኝ እሱን ነው፣ ግን ሦስት ልጅ ይዤ በየሳምንቱ ውጭ ማብላት አልቻልኩም። ስለዚህ እቤት ልሥራው ብዬ ተነሳሁ። የመጀመሪያ ቀን ሶይ ሶስ (ከአኩሪ አተር የሚሠራው ጨዋማ ፈሳሽ)፣ ስኳር፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ቀላቅዬ ዶሮውን ዘፍዝፌ አሳደርኩትና በማግስቱ ኃይለኛ እሳት ላይ ጣድኩት፣ ላዩ ከሰል መስሎ አረረ ሲቆረጥ ውስጡ ገና ደም ነው። ሁለተኛ ቀን ሶሱን ለብቻው አፈላሁት እንደ ውሃ ቀጠነብኝ፣ ይወፍር ብዬ ሳቆየው ደሞ ጨው ብቻ ሆነ፣ ትንሿ ልጄ አንዴ ጎርሳ ውሃ ውሃ አለች። ሚሪን የሚባለውን ጣፋጭ የጃፓን የሩዝ ወይን ሱቅ ውስጥ አይቼው ነበር፣ አልኮል አለው ሲሉኝ ለልጆች ነው ብዬ መለስኩት። ያለሱ ይሆናል ወይ? የምግብ ቤቱስ እንዴት ነው እንደዛ የሚያብረቀርቀው?

ከካትሱሺካ፦
እህቴ ሰላም። እኔ ቶኪዮ ነኝ፣ ካትሱሺካ፣ ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር፣ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ። እዚህ ቴሪያኪ ሲባል ሶሱ ሳይሆን አጠባበሱ ነው፣ ቴሪ ማለት ማብረቅረቅ፣ ያኪ ማለት መጥበስ። ስለዚህ ዶሮውን ሶሱ ውስጥ ዘፍዝፎ ኃይለኛ እሳት ላይ መጣድ የለም፣ ስኳሩ ከሥጋው ቀድሞ ያርራል፣ ያንቺም የመጀመሪያው ቀን ችግር እሱ ነው። ሶሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው።

ለሁለት ታፋ ሶይ ሶስ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ሚሪን 2፣ ሳኬ (የጃፓን የሩዝ መጠጥ) 2፣ ስኳር 1፣ በቃ። ነጭ ሽንኩርት የለ ዝንጅብል የለ። ታፋውን ቆዳውን ሳትገፍፊ አጥንቱን አውጪለትና ቆዳው ወደ ታች ሆኖ በመካከለኛ እሳት ይጠበስ፣ ዘይት ብዙም አያስፈልገውም የራሱ ስብ ይወጣል። ቆዳው ወርቅማ ሲሆን ገልብጪና ክዳን ክደኚለት ውስጡ ይብሰል። ከዛ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፣ መጥበሻው ላይ የተጠራቀመውን ስብ በሶፍት ጥረጊው፣ ስቡ ካለ ሶሱ ሥጋው ላይ አይዝም ይንሸራተታል። አሁን ሶሱን ጨምሪበትና አረፋውን እዪ፣ መጀመሪያ ደቃቅ ሆኖ ቶሎ ቶሎ ይፈላል፣ ቆይቶ አረፋው ትልልቅና ቀስ ያለ ይሆናል፣ ሽሮ ሲንተከተክ እንደሚለው። ማንኪያ ስታሳልፊበት የመጥበሻው ሥር ለአፍታ ታይቶ መልሶ ከተዘጋ ደርሷል፣ እያፈስሽበት ሁለት ሦስቴ ገልብጪውና አውጪ። ሲበርድ ደሞ ይወፍራል፣ ስለዚህ ትንሽ ቀጠን ሲል ማውጣት ነው።

ጨውን በተመለከተ ሶይ ሶስ ራሱ 16 በመቶ ገደማ ጨው ነው። ውሃው ሲተን ጨው አይተንም፣ ብቻውን አፍልቶ ማወፈር አይቻልም ማለት ነው። ሚሪንም 14 በመቶ ገደማ አልኮል አለው፣ ሲፈላ አብዛኛው ቢወጣም ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም፣ ስለዚህ ለልጆች ብለሽ መተውሽ ልክ ነሽ።

የኩሽና ሰው፦
ወንድማችን ያለው ትክክል ነው ግን ልጆችሽ የለመዱት እሱን አይደለም። እኔም ሲያትል ነኝ፣ ቴሪያኪ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የዚህ ከተማ ቴሪያኪ የራሱ ነው፣ ቶሺሂሮ ካሳሃራ የሚባል ጃፓናዊ በ1976 የከፈተው ቤት ነው ያስፋፋው፣ በኋላ ብዙ ኮሪያውያን ገቡበት፣ ስኳሩም ነጭ ሽንኩርቱም ዝንጅብሉም በዛ። መዘፍዘፍም አለበት፣ ልዩነቱ ግሪል ላይ ስለሆነ እየገላበጡ ነው የሚጠበሰው፣ ወፍራሙ ሶስ ደሞ ሌላ ነው መጨረሻ ላይ ይፈስበታል። ሁለቱን አንድ ማድረግ የለብሽም።

ለሶሱ ሶይ ሶስ ግማሽ ኩባያ፣ ውሃ ግማሽ ኩባያ፣ ቡናማ ስኳር ሲሶ ኩባያ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ አናናስ ጭማቂ ካለሽ ጥቂት። ሲፈላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች (ነጩ የበቆሎ ዱቄት) በሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ እያማሰልሽ ጨምሪ፣ ሙቅ ውስጥ ዱቄቱን ከከተትሽው ይጓጉላል። አንድ ደቂቃ ከፈላ ይበቃል፣ የሚወፍረው በስታርቹ ስለሆነ ጨው እስኪሆን አትጠብቂም። ዶሮውን ሌላ ጨው እንዳትነኪው። ውስጡ ደም የሚለው ነገር ካስጨነቀሽ ቴርሞሜትር ግዢ፣ 165 ፋራናይት ሲደርስ በስሏል።

ከኩዌት፦
ማሬ፣ እኔ ያለሁበት አገር ሚሪን የሚባል ነገር አይገባም፣ የምሠራበት ቤት ልጆች ግን ቴሪያኪ ይወዳሉ፣ ስለዚህ በራሴ መላ ነው የምሠራው። ማር በሞቀ ውሃ በጥብጬ፣ እንደ ብርዝ በይው፣ ሁለት ማንኪያ ማር ለሦስት ማንኪያ ውሃ፣ አቼቶ ጠብ አደርግበታለሁ ጣፋጩ እንዳይከብድ፣ በሚሪኑ ቦታ ይገባል። በጣም ያምራል፣ ያብረቀርቃልም። አንድ ነገር ደሞ፣ ሶይ ሶስ ስትገዢ ጠርሙሱን እዪ፣ የቻይናው ጥቁሩ ወፍራሙ ለቀለም ነው፣ እኔ አንዴ እሱን ሙሉውን ከትቼ ሬንጅ መስሎ የሚበላው ጠፋ።

ከካትሱሺካ፦
የብርዙ ሐሳብ ደስ ይላል። ማር ግን ከስኳር ቶሎ ስለሚያርር ሲገባ እሳቱን ዝቅ አድርጊው። ጠጅ እሞክራለሁ የምትሉ ካላችሁ ተዉት፣ ውሃው ሲተን የጌሾው ምሬት ይጎላል፣ እኔ ሞክሬው ደፍቼዋለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦
እግዜር ይስጣችሁ በጣም። ቅዳሜ በኩዌቷ እህቴ ብርዝ በቶኪዮው አሠራር ሠራሁት፣ ስቡን ስጠርግ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ሶሱ ቆዳው ላይ ልጥፍ አለ፣ መስታወት ነው የሚመስለው። ትልቁ ልጄ እንደ ሱቁ ወፍራም አይደለም አለኝ ግን ሰሃኑ ላይ አንድ ሩዝ አልተረፈም። ለሱ ደሞ የኩሽናውን ሰው ስታርች በሚቀጥለው እሞክርለታለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ጾም ሲገባ በምን ልሥራው?

የኩሽና ሰው፦
ጠንካራውን ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ) ግዢ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከባድ ነገር ጭነሽበት ግማሽ ሰዓት ውሃው ይውጣለት። ከዛ ቆራርጠሽ ኮርን ስታርች ነስንሰሽበት በዘይት ጥበሺው፣ ስታርቹ ነው ሶሱን የሚይዝልሽ። እንጉዳይም ይሆናል። ተጠንቀቂ ግን፣ አንዳንዱ ሶሱን ለማወፈር ኦይስተር ሶስ ይጨምራል፣ እሱ ከባሕር እንስሳ ነው፣ የተዘጋጀ ጠርሙስ ከገዛሽም ጀርባውን አንብቢ። ከላይ ሰሊጥ ቆላ አድርገሽ በተንበት።