ለገጠር ቀበሌ መጫወቻና ማረፊያ፦ በመንግሥት በጀት ይሠራ ወይስ ይቅር?

ለገሀሬ (አወያይ)፦ ጀመዓው፣ የዛሬው መከራከሪያ ይኸው። የድሬዳዋ ከተማ በኮሪደር ልማት መናፈሻና የእግረኛ መንገድ እያገኘ ነው። የገጠር ቀበሌዎቻችን፣ ዋሂል፣ ጀልዴሳ፣ ቢዮ አዋሌስ? ኳስ ሜዳ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ጥላ ያለው ማረፊያ በአስተዳደሩ በጀት ይሠራላቸው? ስድብ ክልክል ነው።

ሳቢያን፦ ይቅር። ሴቶች ጄሪካን አሰልፈው በሚውሉበት ቀበሌ ሸርተቴ ተክሎ መመረቅ ያሳፍራል። መጀመሪያ ውሃ።

ቀፊራ፦ አቦ፣ «መጀመሪያ ውሃ» ሲባል ስንት ልጅ አደገ! ከተማ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መናፈሻ ሲሠራ ማን ተቃወመ? ቅድሚያ የሚቆጠረው ገጠር ላይ ሲደረስ ነው።

ሳቢያን፦ እኔ ተቃውሜያለሁ፤ ሰሚ አላገኘሁም እንጂ።

ደቻቱ ዳር፦ ልጆቼ፣ የገጠር ልጅ ዛሬም ይጫወታል። የት ነው የሚጫወተው? ተዳፋቱ ማሳና እርከን ነው፤ ደልዳላ የሚባለው ደረቁ የወንዝ አሸዋ ብቻ። ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆናል፣ ጫማ ዳር ይቀመጣል፣ ይጀመራል። ጎርፋችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ደጋ ላይ ይጥልና እዚህ ፀሐይ እያለ ውሃው ይደርሳል። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል። ለከተማው የመከላከያ ግንብ ተሠራ፣ ደግ ተደረገ። ለገጠር ልጅ ከወንዙ ፈቀቅ ያለ ሜዳ ማበጀትም እኔ ከግንቡ ለይቼ አላየውም።

ሳቢያን፦ ጋሼ፣ ይሄኛው ያስኬዳል። ግን ከወንዙ ፈቀቅ ያለው ደልዳላ መሬት የሰው ማሽላ ያለበት ወይም ከብት የሚውልበት ነው። ታጥሮ ሜዳ ሲባል ካሳውን ማን ይከፍላል?

ገንደ ቆሬ፦ እኔ ያደግሁት ገጠር ነው። አንድ ቀበሌ የልጆች መጫወቻ ተሠርቶ ሪባን ተቆርጦ ነበር። ጥላ የለው፣ ጥበቃ የለው። ቀን ብረቱ ስለሚፋጅ ልጅ አይነካውም፣ ማታ ፍየል ያድርበታል። የዥዋዥዌው ሰንሰለት ተፈትቶ በሬ ሲታሰርበት አይቻለሁ። ወላሂ አልፈረድኩም፣ ቢያንስ ለአንድ ነገር ዋለ። ለግንባታ ካፒታል በጀት ይገኛል፤ የጥበቃና የጥገናው መደበኛ በጀት ላይ ካልተያዘ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ።

ቀፊራ፦ ብረት ማን ጠየቀ? ከ1997 ጀምሮ በሴፍቲኔት፣ በሥራ ቀን እየታሰበለት እየተረዳ፣ እርከን የሠራ ሕዝብ ሜዳ መደልደልና ዛፍ መትከል አያቅተውም። መንግሥት ዶዘርና ችግኝ ያምጣ።

ሳቢያን፦ የሴፍቲኔት ሥራ አፈርና ውሃ እንዲጠብቅ ነው። ከእርከኑ ቀን ቀንሰህ ለኳስ ልትሰጥ?

መጋላ፦ ወንዶች፣ ሁላችሁም ኳስ ኳስ ትላላችሁ። ሴቷ ልጅ ሜዳውን የምታየው እንጨት ተሸክማ ስታልፍ ነው። ጥላውንና መቀመጫውን ቦኖው አጠገብ አድርጉት። እናት ወረፋ እየጠበቀች አረፍ ትላለች፣ ሕፃኑ እዚያው ይጫወታል፣ የፈሰሰው ውሃ ችግኙን ያጠጣል።

ሳቢያን፦ ቦኖ ባለበት እሺ፣ እጄን ሰጠሁ። ቦኖ በሌለበትስ?

መጋላ፦ ሁለቱ በአንድ ፕሮጀክት ይጠየቁ። ያለ ቦኖ መጫወቻ አይጸድቅም በሉ።

ገንደ ቆሬ፦ የጥበቃዬን ጥያቄ ዘለላችሁት።

መጋላ፦ ቦኖው ላይ ገንዘብ የምትሰበስብ ሴት አለች አይደል? ጨመር ይደረግላትና እሷው ትጠብቅ።

ገንደ ቆሬ፦ አሁን በወር ስንት እንደሚሰጧት እስቲ ጠይቂያት።