ከክረምት በፊት የእበት ማጠራቀሚያ ልሠራ ነው፤ ቦታውና አሠራሩ ላይ ምከሩኝ

የቱላው (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ሐዋሳ፣ ቱላ በኩል ነኝ። 6 የሚታለቡ ዲቃላ ላሞችና 3 ጥጆች አሉኝ። እስካሁን እበቱን ከበረቱ ጀርባ ነው የምንከምረው። በበጋ ግማሹ ኩበት ይሆናል፣ ግማሹን እንሰት ያላቸው ጎረቤቶች ይወስዱታል። ክረምት ሲገባ ግን ኩበቱ አይደርቅ፣ ሰው አይወስድ፣ ዝናቡ እያጠበ መንገድ ላይ ያወርደዋል። ጎረቤት አምና ቀበሌ ድረስ ሄዷል፤ አልፈርድበትም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቆፍራለሁ፣ ዙሪያውን በድንጋይ አስገነባለሁ፣ እበቱም ሽንቱም የማጠቢያውም ውሃ እዚያ ይገባል። ሲሞላ ሠራተኞቹ ወርደው በባልዲ ያወጡታል። ቦታው ለበረቱ ቅርብ ነው፤ ከውሃ ጉድጓዳችን 12 ሜትር ያህል ይርቃል። ሌላ ባዶ ቦታ ያለው ከታችኛው አጥር ጥግ ነው፤ እሱ ደግሞ ከውሃ ጉድጓዱ 35 ሜትር ይርቃል፤ እበት በጋሪ ለመግፋት ግን ሩቅ ነው። ስንት ሜትር ኩብ ይበቃኛል? ታችስ ሲሚንቶ የግድ ነው?

እትዬ ወተት

ልጄ፣ ስለ ሲሚንቶው ሌላ ሰው ይንገርህ። እኔ «ሠራተኞቹ ወርደው» ያልከው ላይ ነው የቆምኩት። ማንም አይውረድ! እበትና ሽንት ተቀላቅሎ አየር አጥቶ ሲቀመጥ መርዛም ጋዝ ይሠራል። ከላይ ሲታይ ምንም የለውም፣ ዝም ብሎ ተኝቷል። በእንጨት ሲያማስሉት ነው በአንድ ጊዜ የሚወጣው።

በረት ሐኪም

እትዬ ያሉት ልክ ነው፤ ትንሽ ልጨምርበት። ዋናው ገዳይ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ሲያንስ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሰውየው «ሽታው ለቀቀ» ብሎ ይገባል። ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንደዚሁ። ሚቴን ደግሞ ስላለ ክብሪትም ሲጋራም አጠገቡ አይጫርም።

በየአገሩ የሚደጋገመው አደጋ አንድ ዓይነት ነው፦ አንዱ ይወድቃል፣ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፣ ሁለቱም ይቀራሉ። አፍን በሻሽ መሸፈን ምንም አያደርግም። ሰው ከወደቀ ተከትለህ አትግባ፤ ክዳኑን ክፈት፣ ጩህ፣ የአደጋ ሠራተኛ ጥራ። ለ6 ላም ግን ነገሩን ከሥሩ መቁረጥ ይቻላል፤ ጥልቅ ጉድጓድ አያስፈልግህም።

ግንበኛው

ወንድሜ 12 ሜትሩን እርሳው። ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ራቅ፣ ያውም ከጉድጓዱ በታች በኩል። የኛ አካባቢ አፈር የእሳተ ገሞራ ነው፣ ብዙው ቦታ አሸዋማና ቀላል፤ ውሃ ቶሎ ያሰርጋል። በድንጋይ ብቻ የተገነባ ጉድጓድ ማጠራቀሚያ አይባልም፣ ወንፊት ነው። የታችኛው አጥር ጥግ ይሻልሃል። ርቀቱን በእጅ ጋሪ ትለምደዋለህ፤ መንገዱን በኮብል ካስነጠፍክ ጎማው ጭቃ ውስጥ አይሰምጥም።

በረት ሐኪም

የውሃ ጉድጓዱ ነገር እንዳይናቅ። ከእበትና ከሽንት ወደ ውሃ የሚሰርገው ናይትሬት ሽታም ቀለምም የለውም። በጡጦ ወተት ለሚያድግ ጨቅላ አደገኛ ነው፤ ደሙ ኦክሲጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። «አፍልቼ ነው የምሰጠው» የሚሉ እናቶች አሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ናይትሬትን ግን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ውሃችሁን አንዴ አስመርምሩት።

ባዮጋዝ ወዳጅ

ሰዎች፣ ባዮጋዝ የሚል ሰው እንዴት ጠፋ? 6 ላም ይዞ በከሰል የሚያበስል ሰው ያሳዝነኛል። ለቤት የሚሠሩት ከ4 እስከ 10 ሜትር ኩብ ናቸው። 6 ሜትር ኩቡ በቀን 40 ኪሎ አካባቢ ትኩስ እበት ከእኩል ውሃ ጋር ይበቃዋል። ወጥም ሻይም ይሠራል፣ ጭስ የለ፣ ኩበት ማድረቅ የለ።

በረት ሐኪም

ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን ባዮጋዝ እበቱን «አይበላውም»። 40 ኪሎ እበትና 40 ሊትር ውሃ ካስገባህ 80 ሊትር የሚጠጋ ዝቃጭ ይወጣል። የት ልታደርገው ነው? ብዙ ግቢ ውስጥ የሚታየው ችግር ይሄው ነው፦ ምድጃው ይነድዳል፣ ዝቃጩ ቦይ ውስጥ ይፈስሳል። ቦዩ ደግሞ መጨረሻው ሐይቁ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በላይ የሚፈስ መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባበት እዚያው ይቀራል።

የቱላው

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁም ተባረኩ። ጉድጓዱን ትቼዋለሁ። ባዮጋዙ ለከርሞ ይቆይ። ታዲያ በጠፍጣፋ ወለል ላይ ከሆነ መጠኑ ስንት ይሁን? ሽንቱስ የት ይግባ?

ግንበኛው

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንዲት የምትታለብ ዲቃላ በቀን 20 ኪሎ ገደማ እበት ትጥላለች። ለ6 ላም 120፣ ጥጆቹ ተጨምረው 135 በለው። ጉዝጓዝና የመኖ ትርፍራፊ ሲገባበት በቀን 0.2 ሜትር ኩብ ይሞላል። ከሰኔ እስከ መስከረም 120 ቀን ብትይዝ 24 ሜትር ኩብ ነው።

በአንድ ላይ አትሥራው፣ ለሁለት ክፈለው። እያንዳንዱ 4 በ2.5 ሜትር፣ ከፍታው 1.2። አንዱ በሁለት ወር ይሞላል፤ ሌላውን ስትሞላ የመጀመሪያው ይበስላል። ሦስት ጎኑን በብሎኬት፣ ፊቱን ክፍት ተወው፤ ጋሪው እንዲገባ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጣሪያ ነው። 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። የበረትህ ጣሪያ 100 ካሬ ቢሆን፣ 30 ሚሊሜትር በጣለበት ከሰዓት 3,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ይሄ ሁሉ እበቱ ላይ ካረፈ የፈለግከውን ብትገነባ አይችለውም። አሸንዳ አስገጥምና ንጹሑን ውሃ ለብቻው አውጣው፤ ላሞቹም ይጠጡታል። ማጠራቀሚያው ላይም ቆርቆሮ፣ አቅም ከሌለ ሸራ።

እትዬ ወተት

ሽንቱን በቦይ ወደ ሮቶ ወይም ወደ በርሜል አውርደው። ግን መጀመሪያ በአካፋ ደረቁን ጥረጉ፣ ከዚያ ነው ውሃ። ሠራተኛ ሁሉ የሚወደው ጎማውን ከፍቶ መርጨት ነው። የማጠቢያው ውሃ ከገባበት 1,000 ሊትሩ ሮቶ በቀናት ይሞላል። የሮቶው ክዳንም በደንብ ይዘጋ፣ ሕፃናት እንዳይደርሱበት፤ ማንም ጭንቅላቱን እንዳያስገባ። ሽንቱን በውሃ አቅጥነህ ለእንሰቱና ለሙዙ ሥር ታጠጣዋለህ፤ ዝናብ ሊጥል ሲል ግን አይሆንም።

የጥቁር ውሃ አትክልተኛ

እኔ ገዢ ነኝ፣ የገዢ ጥያቄ አለኝ። ሰላጣና ቆስጣ ነው የማመርተው። ትኩሱን እበት በጥሬው የሚበላ ነገር ላይ አላደርግም። በአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ፣ አፈር የሚነካ ምርት ከመሰብሰቡ 120 ቀን በፊት ነው ጥሬ ፍግ ማቆም ያለበት። ሰላጣ ከዚያ በፊት ይደርሳል፣ ስለዚህ የምፈልገው የበሰለ ኮምፖስት ነው። አብስለህ ከሸጥክልኝ ደንበኛህ ነኝ።

በረት ሐኪም

ማብሰሉ ከባድ አይደለም። እበት ብቻውን እርጥብ ስለሆነ ይታፈናል፤ ደረቅ ነገር ይፈልጋል። ሰጋቱራ፣ የቡና ገለፈት፣ የመኖ ትርፍራፊ። የጤፍ ጭድ ላም ሳትበላው እበት ላይ መነስነስ በዚህ ዋጋ ነውር ነው። በእጅህ ጨብጠው፤ ጠብታ ጠብ ካለ ረጥቧል፣ ሳይያያዝ ከተበተነ ደርቋል።

ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ በላይ 15 ቀን መቆየት አለበት፤ በዚያ ውስጥ አምስት ጊዜ ይገላበጣል፣ ዳሩ ወደ መሃል እንዲገባ። ቴርሞሜትር ከሌለ ፌሮ መሃሉ ላይ ሰክተህ ጥቂት ቆይተህ አውጣው። ጨብጠህ መያዝ ካቃተህ እየሠራ ነው። ለብ ካለ ገልብጠው። ይሄ ለግምት ነው፤ ለሰላጣ ከሆነ ቴርሞሜትር ግዛ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ይረፍ። መገልበጡ ለዝንብም መድኃኒት ነው፤ ዝንብ በሞቃት ጊዜ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል፣ በየሳምንቱ ከነካካኸው አታድግም።

የሚገለብጠው ሰው ቦቲና ጓንት ያድርግ። ያው ሰው ላም የሚያልብ ከሆነ በሳሙና ሳይታጠብ ጡት እንዳይነካ።

የቱላው

ሰሞኑን እጀምራለሁ። ግንበኛው፣ ወለሉ ላይ የመጨረሻ ምክር?

ግንበኛው

ድንጋይ ደልድለህ ጠቅጥቀው፣ በላዩ 10 ሳንቲም ኮንክሪት፣ አንድ ሲሚንቶ ለሁለት አሸዋ ለሦስት ጠጠር። በየሜትሩ 2 ሳንቲም ወደ ሽንቱ ቦይ ያጋድል። ፊቱን አታልሰው፣ በመጥረጊያ ሻካራ አድርገው፤ እርጥብ እበት ላይ ሰው ይንሸራተታል። 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ከዚያ በፊት ጋሪ እንዳይወጣበት፣ ሠራተኞቹን አስጠንቅቅ።