የወገብ መርፌ 80 ከመቶ ይሳካል ተባልኩ፤ ከምን 80?

ሰፊዋ ከፒያሳ
ሰላም ናችሁ? ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ነው የምውለው። ወገቤን ካመመኝ አምስት ወር ሆነ። አሁን ግን የባሰው ግራ እግሬ ነው፤ ከመቀመጫዬ ተነስቶ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኗል አሉኝ። ሐኪሙ ያለ ኦፕራሲዮን በራጅ እየታየ ወገብ ላይ የሚወጋ የስቴሮይድ መርፌ አለ፣ 80 ከመቶ ይሳካል አለኝ። ዋጋው የሱቄ የሁለት ወር ኪራይ ነው! እማዬ ደግሞ «ወገብሽን ተወግተሽ ሽባ ልትሆኚ ነው» እያለች ታለቅሳለች። የተወጋችሁ አላችሁ? ደግሞ 80 ከመቶ ማለት ምን ማለት ነው?

የሜክሲኮ ሹፌር
እኔ ተወግቻለሁ እህቴ። መርፌው እንደፈራሁት አልነበረም፣ ማደንዘዣ ይሰጣሉ። በሦስተኛው ቀን እግሬ ጸጥ አለ፣ እንቅልፍ ተኛሁ፣ ሚስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሁለት ወር ተኩል እንደዛ ቆየሁ። ከዚያ ቀስ እያለ ተመለሰ፣ እንደ በፊቱ ባይሆንም። የሚገርመው፣ ከክሊኒኩ ደውለው «እንዴት ነህ?» ያሉኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው። «ድኛለሁ፣ ተባረኩ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የደወለ የለም። እንግዲህ እኔም ከ80ው ውስጥ ተቆጥሬ ይሆናል።

ፊዚዮዋ
ሹፌሩ ዋናውን ነገር ተናግሮታል። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ይሄን ጥያቄ በየቀኑ እሰማለሁ። ቁጥር ሲነገርሽ መቼ ተለካ፣ «ተሳካ» የተባለው ምን ሲሆን ነው፣ ከምንስ ጋር ተወዳድሮ በያቸው። ብዙ ጊዜ ህመሙ በግማሽ ከቀነሰ «ተሳክቷል» ይባላል። አንቺ ግን በግማሽ ህመም ማሽን ላይ መዋል ትችያለሽ? ሌላው ደግሞ ዲስክ በራሱ ጊዜ የሚሽል ነገር አለው። ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት ቶሎ ኦፕራሲዮን የተደረጉትም ጠብቁ የተባሉትም በዓመቱ 95 ከመቶ ያህሉ ተሽሏቸዋል፤ ከጠበቁት ውስጥ 39 ከመቶው ግን ኋላ ኦፕራሲዮን አልቀረላቸውም። ስለዚህ የተወጋ ሰው ሲሻለው መርፌው ነው ወይስ ጊዜው? ለዚህ ነው መድኃኒቱ ከሌለበት የማስመሰያ መርፌ ጋር የሚያወዳድሩት። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ሃያ አምስት ጥናቶች ገምግሞ ያገኘው፣ ለአጭር ጊዜ የእግር ህመም ከ100 ነጥብ በ5 ገደማ ዝቅ ማለቱን ነው። አማካይ ነው እንጂ በጣም የሚጠቅመው ሰውም አለ። ስቴሮይዱ የነርቩን እብጠት ያበርዳል፣ ዲስኩን ወደ ቦታው አይመልስም።

የአራት ኪሎ ልጅ
ምን አስጨነቀሽ፣ ወጌሻ ጋ ሂጂ። አንዴ ጠቅ ካደረገልሽ አለቀ።

ፊዚዮዋ
ኧረ ተው ወንድሜ! ነርቭ የተጫነ ወገብ አይጠመዘዝም።

ብቸኛ ልጅ
እናቴ ስኳር አለባት። ይሄንኑ መርፌ ተወግታ ስኳሯ ለቀናት ሰማይ ነካ፣ እኛም አብረን አበድን። ማንም አላስጠነቀቀንም። ስኳር ካለብሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ደግሞ ፊዚዮዋ፣ አሁን ነርቩን በሙቀት እናቃጥል እያሉን ነው፣ እሱስ?

ፊዚዮዋ
እሱ ለዲስክ ሳይሆን ለጀርባ አጥንት ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ነው። መጀመሪያ በማደንዘዣ ተሞክሮ ህመሙ ከጠፋ ነው የሚቀጥሉት፤ ይሄን ሳያደርጉ ዘለው ከገቡ ጠይቋቸው። ነርቩም ከወራት በኋላ መልሶ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሆላንድ ውስጥ 681 ሰው ላይ ታይቶ፣ ከስፖርት ጋር ተደርቦ ሲሰጥ ስፖርቱ ብቻውን ከሚሰጠው ያን ያህል የተለየ ጥቅም አላመጣም።

ሰፊዋ፣ እማማም ዝም ብለው አልፈሩም። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር እ.ኤ.አ. በ2014 ሽባነትን ጨምሮ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ ግን በጣም አልፎ አልፎ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት ካለሽ ከመወጋትሽ በፊት የአከርካሪ ቲቢ ይታይልሽ። ሽንት እምቢ ካለሽ፣ በጭንሽ መሃል ከደነዘዘሽ ወይም እግርሽን ወደ ላይ ማንሳት ካቃተሽ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

ኦፕራሲዮንንም ከወዲሁ አትዝጊው። እንዳንቺ ከአራት ወር በላይ የቆየ የእግር ህመም ላይ ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት፣ በስድስተኛው ወር የተቀደዱት ህመም ከ10 ነጥብ 2.8 ሲሆን ያልተቀደዱት 5.2 ነበር።

ሰፊዋ ከፒያሳ
እግዜር ይስጣችሁ። ዛሬ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። 80ው በአንድ ወር ውስጥ የተሻላቸው ናቸው አለኝ፣ በስድስት ወርስ ስለው «እሱን አልተከታተልንም» አለ። ደግነቱ አልተቆጣም። መርፌውን ለጊዜው ትቼ ፊዚዮ ልጀምር ነው፣ እማዬም ማልቀሷን አቁማለች። ግን ሥራውን አላቆምም፣ የሰርግ ልብስ ተቀብያለሁ። ለስፌት ማሽን የሚሆን ጥሩ ወንበር የት እንደሚገኝ የምታውቁ?

የሜክሲኮ ሹፌር
እኔ የታክሲዬ መቀመጫ ላይ ወገቤ ጋ ፎጣ ጠቅልዬ ነው የማደርገው። ወንበር እስክታገኚ ሞክሪው፣ በየግማሽ ሰዓቱም ተነሽ።