ከአባቴ ጋር ቀስ ብለን እየተራመድን ወፍ የምንሰማበት ሥፍራ በጎጃም

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእርሻ ላይ የኖሩ በመሆናቸው ወፎችን በድምፃቸው ይለያሉ፤ ዓይናቸው ደከም ቢልም ጆሯቸው እንደ ድሮው ነው። በጥቅምት መጨረሻ ሁለት ቀን ወስጄ ሰው ወደማይበዛበት፣ ዛፉ ወዳልተመነጠረ ቦታ ልወስዳቸው አስቤአለሁ። ጉልበታቸው ረጅም አቀበት ስለማይችል ጮቄን ትቼዋለሁ። የምታውቁት ቦታ ካለ ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (ከባሕር ዳር)

ለአባትዎ ዘጌን እመርጣለሁ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ቢመዘገብም፣ የዘጌን ደን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ የጠበቀው የገዳማቱ ሥርዓት ነው፤ በባሕረ ገብ ምድሩ በበሬ ማረስ የተከለከለ በመሆኑ ቡናው እስከ ዛሬ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ባሕር ዳር አድረው ማለዳ በጀልባ ቢነሱ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅብዎታል። አብዛኛው ጎብኚ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች አይቶ ወዲያው ስለሚመለስ፣ እናንተ ከዋናው መንገድ ወጣ ብላችሁ ፍሬ ከያዘ ሾላ ሥር ተቀመጡ። በምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተሸከመው ትልቁ ጥቁርና ነጭ ወፍ ሲያልፍ የክንፉ ሹክሹክታ ከወፉ ቀድሞ ይደርሳል። የዚህ ወፍ እንስት ለመፈልፈል የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ትገባና በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ ወንዱም በቀረችው ጠባብ ስንጥቅ ፍሬ እያቀበለ ይመግባታል። ሶሪትንም አረንጓዴ ሆና ከቅጠል ጋር ስትመሳሰል ቆይታ፣ ክንፏን ስትዘረጋ በሚታየው ቀይ ታውቋታላችሁ።

መልስ (ከእንጅባራ)

መንገዳችሁ በቡሬ በኩል ስለሆነ እንጅባራ ከመድረሳችሁ በፊት ዘንገና ሐይቅ ጎራ በሉ። በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ጥልቅ ሐይቅ ሲሆን ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። ወደ ውኃው መውረድ ሳያስፈልግ ከጠርዙ ደን ሥር መቀመጥ ለአባትዎ ይበቃል፤ ምግባችሁን ግን ከጦጣ ጠብቁ።

መልስ (ከዳንግላ)

በሁለቱም እስማማለሁ፤ ጊዜውን ግን ወደ ኅዳር መጨረሻ ብታሳልፉት ይሻላል። ከሰሜን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ረጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች አዝመራው በተሰበሰበበት የጣና ዙሪያ ማሳ ላይ የሚሰፍሩት ያኔ ነው፤ እንደ መለከት ያለ ድምፃቸውን አባትዎ ከማንም ቀድመው ይሰሙታል። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወታችሁ ወፍ አትጥሩ። አንድ አስጎብኚ የሶሪትን ድምፅ ደጋግሞ ሲያሰማ ወፏ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ባላጋራዋን ስትፈልግ አይቼ እጅግ አዝኛለሁ። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም በየከተማው ካሉ ሰዎች ጠይቁ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ ስለ ግራጫዎቹ ወፎች ሳነብላቸው «በልጅነቴ ጤፍ ከታጨደ በኋላ ይመጡ ነበር» ብለው ድምፃቸውን አስመስለው አሰሙኝ። ኅዳር መጨረሻ እንሄዳለን።