ሲጋራ 3 ጊዜ አቁሜ 3 ጊዜ ተመለስኩ፣ ጫትና ቡና ላይ ነው ሚያሸንፈኝ፣ ምን ላድርግ?

የሳሪሱ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። 33 አመቴ ነው፣ ማጨስ ከጀመርኩ 14 አመት ሆነኝ፣ አሁን በቀን 15 ፍሬ ምናምን ደርሻለሁ። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ነው መጀመሪያ ምለኩሰው። ረጅሙ ያቆምኩት 19 ቀን ነው፣ ደህና ሆኜ ሆኜ ቅዳሜ ጫት ላይ አንዷን ተቀበልኩ በቃ በነጋታው ፓኬት ገዛሁ። ቡና ሲፈላም እንደዛው ነኝ። አሁን የ4 ወር ልጅ አለችኝ፣ ቤት ውስጥ አላጨስም በረንዳ ላይ ነው፣ ግን ባለፈው ታቅፌያት ፊቷን አንገቴ ስር ወሽቃ ስታስነጥስ ሚስቴ ምንም ሳትናገር ተቀበለችኝና ጃኬቴን አውልቄ እንድሰጣት እጇን ዘረጋች፣ ወስዳ ውጪ ገመድ ላይ ሰጣችው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያቆማችሁ ሰዎች በናታችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ፣ "ወንድ ሁን ቁረጥ" ሚለውን ብዙ ሰምቻለሁ።

6 አመቴ፦
ወንድሜ 19 ቀን ቀላል አይደለም፣ ከባዱ የመጀመሪያው 3 ቀን ነው እሱን አልፈኸዋል። የመለሰህ ጫቱ ነው። እኔም ምርቃናው ሲመጣ እጄ ራሱ ነበር ኪሴ ሚገባው፣ ሌላ ቀን 5 ፍሬ ሚበቃኝ ሰውዬ ጫት ላይ አንድ ፓኬት እጨርስ ነበር። ሲጋራውን ትቼ ጫቱን ልያዝ ብዬ 2 ጊዜ ሞከርኩ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ሁለቱንም ባንድ ቀን ተውኩ። ጓደኞቼን "3 ወር ለጫት አትጥሩኝ፣ ምሳ እንገናኝ" አልኳቸው፣ አንዱ ተቀየመኝ ሌሎቹ ገባቸው። ምሳውም ምግብ ቤት ውስጥ ይሁን፣ በ2011 በወጣው አዋጅ 1112 ሬስቶራንትና ካፌ ውስጥ ማጨስ ክልክል ስለሆነ አጠገብህ ሚለኩስ አይኖርም። ቅዳሜ ከ8 ሰአት እስከ 12 ሰአት ያለውን ባዶ እንዳትተወው፣ እኔ እህቴ ቤት እየሄድኩ ልጆቿን አስጠና ነበር።

ነርስ ነኝ፦
ጠዋት በተነሳህ በ30 ደቂቃ ውስጥ ምታጨስ ከሆነ የኒኮቲን ሱስህ ጠንካራ ነው ማለት ነው እንጂ የወኔ ማነስ አይደለም፣ በመድሃኒት መታገዝ አያሳፍርም። ቆዳ ላይ ሚለጠፍ የኒኮቲን ፓች አለ፣ በቀን ከ10 ፍሬ በላይ ለሚያጨስ ሰው በአብዛኛው በ21 ሚሊግራም ይጀመርና ከ6 ሳምንት በኋላ ወደ 14 ከዛ ወደ 7 ይወርዳል። ማስቲካውም አለ፣ እሱን ግን እንደ ሌላው ማስቲካ ዝም ብለህ እንዳታኝከው፣ ትንሽ አኝከህ ምላስህን ቆጥቆጥ ሲያደርግህ ጉንጭህ ውስጥ አስቀምጠው፣ ቡና ከጠጣህ ደግሞ 15 ደቂቃ ቆይ አለበለዚያ አይሰራልህም። በየፋርማሲው ስለማይገኝ ትላልቆቹን ጠይቅ፣ የልብ ችግር ካለብህ መጀመሪያ ሀኪም ይይህ።

ቡናው ላይ ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር አለ። የሲጋራ ጭስ ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል፣ ስታቆም ያው የለመድከው ቡና ደምህ ውስጥ በጣም ይቆያል። ልብህ ሲመታ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ስትነጫነጭ ሲጋራ ያማረህ ይመስልሃል ግን ቡናውም አለበት። አቦልን ጠጣና ቶናውን ተው።

ልጅቷን በሚመለከት፣ በረንዳ መውጣትህ ጥሩ ነው ግን አይበቃም፣ ጭሱን በልብስህና በፀጉርህ ይዘኸው ነው ምትገባው። ጭስ ሚያገኛቸው ህፃናት ለጆሮ ኢንፌክሽን፣ ለሳንባ ምች፣ እንቅልፍ ላይ እያሉ ለሚመጣ ድንገተኛ ሞት ጭምር የበለጠ ይጋለጣሉ። እስክታቆም ሸሚዝ ቀይረህ እጅና ፊትህን በሳሙና ታጥበህ እቀፋት፣ አንድ አልጋ ላይ ግን አብራችሁ አትተኙ፣ ይሄን በጣም አደራ።

አዳነ 21፦
ሲጋራ ሲያስጠላህ ሺሻ ሞክር፣ ጭሱ በውሃ ስለሚያልፍ ይጣራል፣ እኔን ረድቶኛል

ነርስ ነኝ፦
አዳነ ወንድሜ ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጣራውም፣ ኒኮቲኑም ካርቦን ሞኖክሳይዱም አለ። እባክህ ሌላ ሰው እንዳይሞክረው።

የሁዳዴዋ፦
እኔ ሴት ነኝ ተደብቄ ነበር ማጨሰው ስለዚህ ማንም አላገዘኝም። ያቆምኩት በሁዳዴ ነው፣ 55ቱን ቀን ለንስሃ አባቴ ቃል ገብቼ። አምሮቱ ሲመጣ እድሜ ልክ ሚቆይ ይመስላል እንጂ 5 ደቂቃ 10 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ሰአት እያየሁ አሳልፈው ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የገብስ ቆሎ አይጠፋም ነበር፣ እጅም አፍም ስራ ይይዛል። ክብሪት ላይተር ምናምን ሁሉ አውጥተህ ጣል፣ ሱቅ "አንድ ፍሬ ብቻ" ብለህ እንዳትቆም፣ እኔን ሁለቴ የመለሰችኝ እሷ አንድ ፍሬ ናት። ለሚስትህ ደግሞ ምታቆምበትን ቀን ንገራት፣ ዝም ያለችው ስለማይሰማት አይደለም።

የሳሪሱ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ 11ኛ ቀኔ ነው፣ ፓቹን 4 ፋርማሲ ዞሬ አገኘሁት፣ ቅዳሜን የሚስቴ እናት ቤት ነው የዋልነው። አንድ ነገር ግን፣ ካቆምኩ በኋላ ሳሉ ባሰብኝ፣ ጠዋት ጠዋት አክታ አለው፣ ምን ሆኜ ነው?

ነርስ ነኝ፦
ጎበዝ! ብዙ ሰው ላይ ያጋጥማል፣ ጭሱ ያደነዘዘው የሳንባህ ማጽጃ ስራ ሲጀምር የተጠራቀመውን እየገፋ ያወጣዋል፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ጠጣ። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው፣ ወይ ደም ካየህበት፣ ማታ ካላበህ ወይም ከከሳህ ግን ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ሄደህ አክታህን ተመርመር፣ ሚያጨስ ሰው ለቲቢ ይጋለጣል፣ ምርመራውም መድሃኒቱም በመንግስት ጤና ጣቢያ ነፃ ነው። ውጤቱን እዚሁ ፃፍልን።